ጠጅ በጠርሙስ፦ ጋዙ ከየት ይመጣል? ጠርሙሱስ ለምን ይፈነዳል?

ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የሚሠራ የአገራችን መጠጥ ነው። ድሮ ጠጅ ከጋን ወደ ብርሌ ይቀዳና እዚያው ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በጠርሙስ ይከተዋል። ለዓመት በዓል ከተማ ላለ ልጅ ይላካል። ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ከሠርግ የተረፈውም በጠርሙስ ተደርጎ ይቀመጣል።

በጠርሙስ የታሸገ ጠጅ የራሱ ጣዕም አለው። ሲከፈት «ፕሽሽ» ይላል። አረፋ ያወጣል። እንደ አምቦ ውሃ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ይኸን የሚወድ ሰው ብዙ ነው።

ነገር ግን አደጋም አለው። ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው፣ ከተቀመጠበት ሊፈነዳ ይችላል። ስባሪው ዓይን ያጠፋል። የልጅ ፊት ይቆርጣል። ስንት የተደከመበት ማርም መሬት ላይ ይፈሳል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲሆን «የሰው ዓይን ነው» ይላል። የሰው ዓይን ግን አይደለም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ አደጋውን ሊከላከል ይችላል።

ጠጁ ውስጥ ማን አለ?

ሊጥ አቡክታችሁ ስታስቀምጡ ሊጡ ይነሣል። እንጀራ ስትጋግሩ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ሊጡን የሚያስነሣው ማን ነው? እርሾ ነው። እርሾ ሕይወት አለው። በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ስብስብ ነው። ከእነዚህ ፍጥረታት ከመቶ በላይ የሚሆኑት ተሰልፈው ቢቆሙ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

ጠጅን የሚያፈላውም እርሾ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ መጠጥን የሚያፈላው ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን አሳይቷል። ይኸን የሚያስረዳ ምርምሩን ማውጣት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 ነው።

እርሾ ምግቡ ስኳር ነው። ማር አብዛኛው ስኳር ነው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ሲሆን እርሾው መብላት ይጀምራል። ሲበላ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው አልኮል ነው። የሚያሰክረው እሱ ነው። ሁለተኛው ጋዝ ነው። የዚህ ጋዝ ስም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። እኛ ወደ ውጭ በምንተነፍሰው አየር ውስጥም አለ። ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት አረፋ የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው።

እርሾው ከሚበላው ስኳር በክብደት ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ጋዙ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋዙ ወዴት ይሄዳል?

እንጀራ ምጣድ ላይ ሳለ ጋዙ በዓይኖቹ በኩል ይወጣል። የእንጀራ ዓይን የጋዝ መውጫ በር ነው ማለት ነው። ጠጅ ጋን ውስጥ ሳለም ጋዙ መውጫ አለው። የጋኑ አፍ የሚሸፈነው በጨርቅ ነው። ጋዙ በጨርቁ አልፎ ይወጣል። ጆሮ ጠጋ ተደርጎ ቢሰማ ጠጁ «ችስ ችስ» ይላል። ይኸ ድምፅ የሚወጣው ጋዝ ድምፅ ነው።

ጠርሙስ ግን ሌላ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ነው። ጋዙ መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ ወደ ጠጁ ተመልሶ ይገባል። በጠጁ ውስጥም ሟሙቶ ይቀመጣል። ጥቂት ከሆነ ጠጁን ያጣፍጠዋል። ሲበዛ ግን ጠርሙሱን ከውስጥ ይገፋል። እርሾው መብላቱን ካላቆመ ጋዙም መጨመሩን አያቆምም። በመጨረሻ ጠርሙሱ አልችል ይላል። «ጧ!» ብሎ ይበተናል።

ልኩ ስንት ነው?

ነገሩን በቁጥር እንየው።

በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 4 ግራም ስኳር አለ እንበል። 4 ግራም ማለት ልኩን የሞላ፣ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። እርሾው ይኸን ስኳር ሲበላ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ሊትር ጋዝ በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ቢራ በአንድ ሊትር ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ ይይዛል። ሻምፓኝ የሚባለው የፈረንሳይ ወይን 6 ሊትር ያህል ይይዛል። ለዚህም ነው የሻምፓኝ ጠርሙስ ወፍራምና ከባድ የሆነው። ባዶው ጠርሙስ ብቻውን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል። በውስጡ ያለው ግፊት በትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ጠጃችን እንመለስ። ጠጁ ገና ጣፋጭ ሳለ ታሸገ እንበል። በአንድ ሊትር ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ያህል ስኳር ቀርቶታል እንበል። እርሾው ይኸን ሁሉ ቢበላው ከ8 ሊትር ያላነሰ ጋዝ ይወጣል። ይኸ ከሻምፓኝም ይበልጣል። ታዲያ ስስ ጠርሙስ ይኸን እንዴት ይችላል? አይችልም።

ዝም ያለ ጠጅ ሁሉ አልጨረሰም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጠጁ ዝም ብሏል፤ ጠልሏል፤ እናሽገው» ይላል። ጠጁ ዝም ያለው ስኳሩ አልቆ ከሆነ ደግ። ነገር ግን ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል።

እርሾ ብርድ አይወድም። ሲበርደው ይተኛል። ጌሾ ከገባ በኋላ ጠጅ በሞቃት ጊዜ 5 ቀን ያህል ሲበቃው፣ በብርድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ቀን የሚፈልገው ለዚህ ነው። እንግዲህ በደጋ አገር፣ በብርድ ወር ጠጁ ዝም ቢል እርሾው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ተኝቷል እንጂ አልሞተም።

እንበልና ጠጁ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ታሸገ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አዋሽ ተላከ። አዋሽ ሞቃት ነው። እርሾው ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል። የተረፈውን ስኳር ይበላል። ከዚህም ሌላ ሙቀት በጠጁ ውስጥ የሟሟውን ጋዝ ያስወጣዋል። ግፊቱ በሁለት በኩል ይጨምራል። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ወይም የተላከለት ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል።

ሌላም አለ። «ጠጁን በነጠላ አጥልዬዋለሁ፤ እርሾ የለውም» የሚል ሰው ይኖራል። ነጠላ ሰፈፉን፣ ጌሾውንና አምቡላውን ያስቀራል። እርሾውን ግን አያስቀርም። እርሾው ከጨርቁ ቀዳዳ እጅግ ያነሰ ነው። ጠጁ ጠልሎ ቢታይም እርሾው በውስጡ አለ።

ሌሎች አገሮች እንዴት አድርገው ተማሩት?

ይኸ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ገበሬዎች ፖም የሚባለውን ፍሬ ጨምቀው ጭማቂውን ያፈላሉ። ይኸን መጠጥ ሳይደር ይሉታል። እነሱም በጠርሙስ ያሽጉታል። በፈረንጆች 1662 ክሪስቶፈር መሬት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉም ነጋዴዎች ወይን አረፋ እንዲያወጣ ስኳር ይጨምሩበት እንደ ነበር ገለጸ። በዚያን ዘመን እንግሊዞች በድንጋይ ከሰል እሳት ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ጀምረው ነበር።

በፈረንሳይ አገር፣ ሻምፓኝ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ወይን የሚያሽጉ ሠራተኞች ብዙ ተጎድተዋል። ወይኑ በሚቀመጥበት ምድር ቤት አንድ ጠርሙስ ሲፈነዳ ስባሪው ሌላውን ይመታል። ሌላውም ይፈነዳል። ሠራተኞቹ ፊታቸውን ከስባሪ ለመጠበቅ የብረት መሸፈኛ ያደርጉ ነበር።

መፍትሔ የተገኘው በ1830ዎቹ ነው። ፍራንሷ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚለኩበት ዘዴ አወጣ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ስኳር በልክ ሆነ። የሚፈነዳውም ጠርሙስ እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ ያዳናቸው ልኬት ነው። በግምት ሲሠሩ ይጎዱ ነበር። በልክ ሲሠሩ ዳኑ።

የትኛው ጠርሙስ ይሆናል? የትኛውስ አይሆንም?

የሚሆኑት፦

የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ከነክዳኑ። ይኸ ጋዝ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ቢፈነዳም እንደ ብርጭቆ ስለታም ስባሪ አይበትንም። ለጀማሪ የሚሻለው ይኸ ነው። የቢራ ጠርሙስም ጋዝ ይችላል። ነገር ግን ቆርኪው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በመዶሻ ቢመታ በደንብ አይገጥምም። ቆርኪ መግጠሚያ መሣሪያና አዲስ ቆርኪ ያስፈልጋል።

የማይሆኑት፦

ስስ የወይን ጠርሙስ፣ የአረቄ ጠርሙስ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ማንኛውም ጠርሙስ አይሆንም። የተሰነጠቀ ወይም አፉ የተሸረፈ አይሆንም። ጋዝ የሌለው ውሃ የሚሸጥበት ስስ ፕላስቲክም አይሆንም። ብርሌ ለመጠጫ እንጂ ለማሸጊያ አልተሠራም።

ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ላምባ የነበረበትን ዕቃ ለምንም መጠጥ አትጠቀሙ። አሥር ጊዜ ቢታጠብም መርዙ አይለቅም።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አጣጣሉን እናንተ ታውቁታላችሁ። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ይበረዛል። ሰፈፉ ይገፈፋል። ጌሾው ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን እንመልከት።

1. ጠጁ ፍላቱን እስኪጨርስ ጠብቁ። ቅመሱት። ጠጅ ቤት «ደረቅ» የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ጣፋጭነቱ ካልለቀቀ ስኳር ቀርቶታል።

2. ፈትኑት። ጥቂት ጠጅ ከጠርሙስ ግማሽ ድረስ ጨምሩ። በጠርሙሱ አፍ ላይ የልጆች ፊኛ አጥልቁ። ሞቅ ያለ ቦታ ሦስት ቀን አስቀምጡት። ፊኛው እየተነፋ ከሄደ ጠጁ አልጨረሰም። ወደ ጋኑ ተመልሳችሁ ጠብቁ። ፊኛው እንደ ወደቀ ከቀረ ግን ጨርሷል። ከሁለት አንዱን ከምትጠራጠሩ፣ ሌላ ሳምንት ጠብቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

3. ዕቃውን እጠቡ። ብርጭቆ ከሆነ መጀመሪያ በሞቀ፣ ቀጥሎ በጣም በሞቀ ውሃ እጠቡት። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውሃ በድንገት ቢፈስ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። የፈላ ውሃ ፕላስቲክን ያኮማትራል።

4. ጠጁን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡ። አምቡላው ከታች ይቅር።

5. ስኳር ለኩ። ለአንድ ሊትር ጠጅ ልኩን የሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ከዚህ አይለፍ። ለ10 ሊትር 20 የሻይ ማንኪያ፣ ማለት 80 ግራም ይሆናል። ስኳሩን በጥቂት የፈላ ውሃ አሟሙት። ሲበርድ ከጠጁ ሁሉ ጋር በደንብ አዋህዱት። በየጠርሙሱ እየቆነጠሩ መጨመር አንዱን ያበዛል፣ አንዱን ያሳንሳል።

6. ቅዱ። አፉ ድረስ አትሙሉት። ሁለት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ተዉለት።

7. የምትሸጡትን ወይም የምታስቀምጡትን በቢራ ጠርሙስ ብታደርጉትም፣ ከዚያው ጠጅ አንዱን በለስላሳ ፕላስቲክ ቅዱ። ይኸ ምስክራችሁ ነው። የብርጭቆ ጠርሙስ ሆዱ አይታወቅም። ፕላስቲኩ ግን በእጅ ሲጨመቅ ይናገራል። መጀመሪያ ልል ነው። ጋዙ ሲበዛ ይጠነክራል። ሱቅ ላይ እንዳለ ያልተከፈተ ለስላሳ ሲጠነክር ሌሎቹም ደርሰዋል ማለት ነው።

8. ጻፉበት። በወረቀት ላይ የታሸገበትን ቀን፣ ወርና የስኳሩን ልክ ጽፋችሁ ለጥፉ። ለምሳሌ «ጥቅምት 5 ታሸገ፤ ለሊትር 2 ማንኪያ» ብላችሁ ጻፉ። የራስን ማስታወስ ማመን አያስፈልግም። ወረቀቱ አይረሳም።

9. ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መካከለኛ ሙቀት ባለበት ቦታ ይቆይ። ምስክሩን ጠርሙስ በየቀኑ ጨምቁት። ሲጠነክር ሁሉንም ወደ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አዛውሩ። ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ወይም በወፍራም ጆንያ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከልጆች ይራቅ። በአንድ ወር ውስጥ ተጠጥቶ ቢያልቅ ይመረጣል።

10. ስትከፍቱ አትነቅንቁት። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይበል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አፉን ከፊታችሁና ከሰው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እኔ ጣፋጭ ጠጅ ነው የምወደው። በጠርሙስ ላስቀምጠው አልችልም?

መልስ፦ ጣፋጭ ጠጅ ስኳር አለው። እርሾም አለው። ስለዚህ ጥብቅ አድርጎ ማሸግ አይገባም። ጣፋጩን ጠጅ በጋን ወይም ክዳኑ በላላ ዕቃ አስቀምጡና ቶሎ ጠጡት። ወይም ደረቁን ጠጅ አሽጉና ሲቀርብ በብርሌው ላይ ማር ጠብ አድርጉበት።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣ ካለ አደጋው ይቀራል?

መልስ፦ ማቀዝቀዣ እርሾውን ያስተኛዋል። አይገድለውም። መብራት ቢጠፋ ወይም ጠርሙሱ ቢወጣ ይነቃል።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ በጣም ጠንክሮ ባገኘውስ?

መልስ፦ ፕላስቲክ ከሆነ ክዳኑን በጥቂቱ አላልተው ጋዙ ይውጣ፣ መልሰው ይዝጉት። የብርጭቆ ጠርሙሶች ከሆኑና ምስክሩ ከልክ በላይ ከጠነከረ በባዶ እጅ አያንሡአቸው። አንዱ አስቀድሞ ፈንድቶ ከተገኘም እንዲሁ ነው። ልጆችን አርቁ። በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በጆንያ ሸፍኑአቸው። በብርዱ ሰዓት፣ ማለዳ፣ ፊትንና እጅን በደንብ ሸፍኖ አንድ በአንድ ከጆንያው ሥር መክፈት ነው። ጠጁ ቢፈስ ይፍሰስ። ማር ይተካል፣ ዓይን አይተካም።

ጥያቄ፦ ጋዙ ለሚተነፍስ ሰው ይጎዳል?

መልስ፦ ከአንድ ጋን የሚወጣው አየር በሚገባበት ቤት አይጎዳም። ነገር ግን ይኸ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ጋን የሚፈላበት፣ መስኮት የሌለው ጎተራ ወይም ምድር ቤት ውስጥ መሬቱ ላይ ይጠራቀማል። ሰው ሊያፍን ይችላል። እንዲህ ያለው ቤት በሩ ተከፍቶ አየር ሳይገባበት አይገባም። ሕፃን ልጅ በዚያ አይተኛም። ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ። የወደቀ ሰው ብታዩም ብቻችሁን ዘላችሁ አትግቡ። ሰው ጥሩ፣ በሩን ክፈቱ፣ አየር አስገቡ።

እናስታውስ

ጋዙን የሚሠራው እርሾ ነው። የእርሾው ምግብ ስኳር ነው። ስኳሩ ካለቀ ጋዙ ያቆማል። ስኳሩ በልክ ከተጨመረ ጋዙም በልክ ይሆናል። ስኳሩ ሳይታወቅ ከታሸገ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጠብቁ፣ ፈትኑ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእንጀራ ዓይንና የጠጅ አረፋ በምን ይመሳሰላሉ?

2. ጠጅ በደጋ ዝም ብሎ በቆላ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?

3. በቤታችሁ ያሉትን ጠርሙሶች ተመልከቱ። የትኞቹ ጋዝ ይችላሉ? የትኞቹ አይችሉም?

4. 12 ሊትር ደረቅ ጠጅ አላችሁ። ቢበዛ ስንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ትጨምራላችሁ? ስንት ግራም ይሆናል?

5. በጠርሙሱ ላይ የምትለጥፉትን ወረቀት አሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።